ከካርቱም የመጣ አማች

የኢትዮጵያንና የሱዳንን ነገር በቴሌቪዥን ሲያወሩት «ወንድማማች ሕዝቦች» ይሉታል። እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ስነግድ ኖሬ የተመለስኩ ሰው ነኝና ቃሉን አልቃወምም፤ ወንድማማቾችም በድንበር ይካሰሳሉ። ኬላው አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ ሌላ ሰሞን ይከፈታል። እኛ ሲብስብን ወደነሱ እንሮጣለን፣ እነሱ ሲብስባቸው ወደኛ። ሸዋሮቢት ላይ ለኔ የሁለቱ አገር ጉዳይ ማለት ግን የጎረቤቴ ልጅ ነበረች።

ጎረቤቴን እትዬ ነው የምላቸው። ሽንኩርት ቸርቻሪ ናቸው፣ የቀወት ሰው፣ ማተባቸው ከአንገታቸው የማይወርድ። ልጃቸው በመተማ አልፋ ካርቱም ሻይ ስትሸጥ ቆይታ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አገባች። እትዬ አማቻቸውን በስልክ ፎቶ እንጂ በአካል አላዩትም። «ቁመቱስ ደህና ነው» አሉ፤ ሃይማኖቱን አላነሱም። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ የልጅቷ ስልክ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሱዳን የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር ሱቄ ደጃፍ መጥተው «ምን አሉ?» ይሉኛል። እኔም ክፉ ክፉውን እየዘለልኩ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዐረብኛ የሚያወራ ሰው ደወለ። አማቹ ነበር፤ ቁጥሬን ሚስቱ ትታለት ኖሯል። ከደሴ በተነሳ አውቶቡስ አጣዬ ደርሷል። ሚስቱ ቤታቸው ላይ በወደቀ ከባድ መሣሪያ እንደሞተች ነገረኝ። የመጣው እናቷን በራሱ አፍ ሊያረዳ ነው።

ሸዋሮቢት ሳትደርስ ጀውሃ ላይ ውረድ አልኩትና በባጃጅ ሄድኩ። አንድ ምግብ ቤት አስቀምጬው የአገራችንን ወግ አስረዳሁት፤ መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚነገረው። ሐዘንተኛው ቢያንስ ያችን ሌሊት ተኝቶ ይደር ነው ነገሩ።

«እኛ ዘንድ ሞት አያድርም» አለኝ።

«እኛ ዘንድ ያድራል፤ ያውም ከእንግዳው ጋር።»

አልሳቀም። ግን ተነሳ። ቤቴ ላሳድረው ይዤው መጣሁ።

ወሬ ግን ከባጃጅ ይፈጥናል። ገና ሳንቀመጥ እትዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ ፊታቸው በርቶ ከች አሉ። ሰውየው ከመቀመጫው ተነሳ። ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ገዳሪፍ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሱዳን ውስጥ ለቅሶ ደራሽ ከሐዘንተኛው ፊት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው። ለሟች የቁርኣኑ ፋቲሓ ይቀራል፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። እዚህ እኛ ይፋት ውስጥ ግን ለዝናቡም ለሠርጉም ለመንገደኛውም እጅ ተነስቶ ዱዓ ይደረጋል። እትዬ ክርስቲያን ቢሆኑም ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያረጁ ሰው ናቸው፣ የሚደረገውን ያውቁታል። የራሳቸውን መዳፍ ዘረጉ።

«አሜን፣ አሜን» እያሉ ትከሻውን ሳሙት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «የተባረከ ልጅ ነው። እሷስ?» አሉኝ።

ደክሞታል፣ ነገ ይነግርዎታል አልኳቸው። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

እትዬ ዶሮ በሙስሊም ጎረቤት አሳርደው፣ ሠርተው ላኩለት። እሱ በፋቲሓው መርዶው የደረሳቸው፣ ዶሮውም የለቅሶ ቤት ምግብ መስሎት ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ተወው። «ምን ያለች ብርቱ ሴት ናት» አለኝ፣ «እንባ እንኳ አልወጣትም»። አልገባቸውም ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ብነግረው ሮጦ ሊነግራቸው ነው። ዘጋሁት።

ጎህ ሲቀድ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን ሽማግሌዎችና የጎረቤት ሴቶች ይዘን ሄድን። እትዬ በሩን ከፍተው ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መቆማቸውን አዩ። ማንም ገና ምንም አላለም። የእትዬ ጩኸት ጀመረ።

ድምፃቸው ሲያልቅ እኔን አስጠሩኝ።

«ትናንት እጁን ያነሳው ለሷ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔ እኮ አሜን አልኩት።»

ሰውየው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ይህችን አልዘለልኩም፤ እንዳለች ነገርኩት። ከወንዶቹ መሐል ተነስቶ ሄዶ እትዬ ከተቀመጡበት ፍራሽ ግርጌ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። አላባረሩትም። ዞር ብለውም አላዩትም።