በብረት ሣጥን የተቀመጠ አደራ

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር

ቅዳሜ አብረን ከምንኖረው ከእትዬ አስካለ ጋር ከቤት የወጣነው አንድ ፎቶግራፍ ለማምጣት ነው። እትዬ አስካለ ሠላሳ ዓመት ያገለገሏቸው ጣልያናዊት እመቤት፣ ሲኞራ፣ ሞተው፣ የሲኞራ ልጅ ማርኮ ቤቱን ሊሸጥ ነው። ፎቶው የእትዬ አስካለ እናት ነው፤ ሌላ የላቸውም። የሠራተኛ ክፍላቸው እርጥበት እንዳይበላው ብለው ሲኞራ በብረት ሣጥናቸው አስቀምጠውላቸው ነበር። ሣጥኑ የጥንት መርከበኞች ወርቅና ሰነድ ይቆልፉበት የነበረው ዓይነት ነው። ሲኞራ በር ዘግተው ስለሚከፍቱት አከፋፈቱን ያየ የለም። አሁን ቁልፉ አልገባ ስላለ ማርኮ በመቁረጫ የሚቆርጥ ሰው ለስድስት ሰዓት ቀጥሯል። የመቁረጫ ብልጭታ ደግሞ ወረቀት አይምርም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በመጽሐፍ ያላየሁትን አላምንም። ሳምንቱን ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ስለ እነዚህ ሣጥኖች ሳነብ ከረምኩ።

በአንድ ዩሮ ተኩል ቲኬት እስከ ዋናው ጣቢያ ቴርሚኒ በትንሿ ባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድን። ክሬም የሞላበት ዳቦ ገዝቼ ግማሹን ሰጠኋቸው።

«ተይው ልጄ፣ ዛሬ አይወርድልኝም።»

አራት ሰዓት ተኩል፣ ፕራቲ፣ የሲኞራ ቤት

ማርኮ በር ከፈተልን። ሣጥኑ ኮሪደሩ ላይ ነው። ከጉልበት አይዘልም፤ ጥቁር ነው፤ ከሥሩ ከመርከብ ወለል ጋር የሚታሰርበት ቀዳዳ አለው። ፊት ለፊቱ ያለው ያጌጠ የቁልፍ ቀዳዳ ያብረቀርቃል።

«እኔ ነኝ በየቀኑ የምወለውለው» አሉ እትዬ አስካለ።

«እሱ ሌባ ለማታለል የተሠራ ነው እትዬ። እውነተኛው ክዳኑ ላይ ነው።»

«ክዳኑ ላይማ የአበባ ማስቀመጫ ነበር፤ አትንኪ ተብዬ! አሎራ፣ እንግዲያው ሠላሳ ዓመት ውሸቱን ነዋ ሳብለጨልጭ የኖርኩት!»

የክዳኑን የምስማር ራሶች አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ገፋሁ። አሥራ አንደኛው ወደ ጎን ተንሸራተተና ከሥሩ የቁልፍ ቀዳዳ ታየ። ማርኮ ቁልፉን አስገብቶ ሲያዞር፣ በአራቱም ጎን ያሉት መወርወሪያዎች አንድ ላይ ተሳቡ።

ከሲኞራ ጌጣጌጥ ሁሉ በላይ፣ በነጭ መሀረብ የተጠቀለለ ፎቶ ተቀምጧል። መሀረቡ ላይ የእትዬ አስካለ ስም በጣልያንኛ ተጠልፎበታል።

«አደራዬን አልበሉም» አሉ፤ መሀረቡን ሳሙት። «ነፍሳቸውን ይማር።»

ማርኮ ዓይኑን ጠራርጎ ሣጥኑንም ይውሰዱት አላቸው። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ ልጄ፣ የት ላደርገው? ከክፍሌ ይሰፋል።»

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ከፎቶው ጀርባ እናታቸው ያስጻፉት ቃል አለ። ፎቶው የደረሳቸው ጊዜ ሌላ ሰው አንዴ አንብቦላቸው ነበር። እሁድ እሁድ ፊደል ማስቆጠር ከጀመርኳቸው አራት ወራችን ነው።

«ላንብብልዎት?»

«ዝም በይ። ራሴ።»

በጣታቸው እየተከተሉ፣ «አስ... ካለ። እኔ ደህና ነኝ። አንቺ ብቻ በርቺ» ብለው አነበቡ። ሁለት ፊደል ስተዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ከመጀመሪያው አስጀምራቸው ነበር። ደገሙት፤ እዚያው ላይ ሳቱ። የእናትን ቃል አስተማሪ እንደማያርመው የተማርኩት ዛሬ ነው።