ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሰርዶ

ነቀምቴ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ስሠራ ያላየሁት ጠብ የለም። ከኮምፒውተር ጋር ታረቅ ተብሎ ሽማግሌ የተላከበት ሰው ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ቪዲዮዎቼን የማስቀምጠው ውጭ አገር በተከራየሁት ሰርቨር ላይ ነው። በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር ከነቀምቴ ሆኜ ኮማንድ፣ ማለትም የጽሑፍ ትእዛዝ፣ እየላክሁ አዘዋለሁ። ሞልቶ አላላውስ ሲለኝ ርካሽ የክላውድ ማከማቻ ተከራየሁና እንደ አንድ ፎልደር ሆኖ እንዲታይ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘሁት። የገጠምኩት ቪዲዮዎቹ ባሉበት፣ «ሰርግ» በሚለው ነባር ፎልደር ላይ ነበር። ከፍቼ ባየው ባዶ! ሙሽራ የለ፣ ሚዜ የለ፣ ድንኳን የለ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ኡኬ ከምትባል ከተማ መጣች። ጊዳ አያና ስትዳር የቀረጽኳት እኔ ነኝ። በአካባቢው በነበረው ግጭት ጊዜ ቤታቸው ቪዲዮውን ከሰጠኋት ፍላሽ ጋር ተቃጠለ፤ አባቷም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

«ወንድሜ፣ ሰርጉ ይቅርብኝ። አባዬ ሲመርቀኝ ያለበትን ብቻ ስጠኝ፤ ድምፁ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ።

ምን ልበላት? «ነገ» አልኳት። በማግስቱ መጣች፤ አሁንም «ነገ» አልኳት። የእኛ አገር ሰው ደግሞ «ነገ» ከበዛበት ሰውየው ቂም ይዟል ብሎ ይደመድማል። ቂም ላለበት ሰው ምን ይላካል? ሽማግሌ!

ሦስት አባቶች ከዘራ ይዘው ገቡ፤ እሷ በር ላይ ቀረች። ሻይ ባዝ አንጠጣም፣ ለስላሳ ባቀርብ አንቀምስም አሉ። ታላቅየው እርጥብ ሰርዶ አውጥተው ኪቦርዴ ላይ አስቀመጡ፤ የእርቅ ምልክት መሆኑ ነው።

«አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ ልጄ? ምን በድላህ ነው የከለከልካት?»

«ኧረ አባባ፣ አልከለከልኳትም! ሰርቨሩ ላይ ጠፍቶብኝ ነው።»

«ሰርቨሩ የት ነው?»

«ውጭ አገር።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ዋሱ ማነው?»

«ዋስ የለውም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ዋስ የሌለው ዘንድ የሰው ሰርግ አስቀመጥክ?» አሉኝ። ወይ አምላኬ!

ተመካከሩና ፈረዱ። በሽምግልና ደንብ፣ ከሁሉ በፊት ነገሩ ከጠቡ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል፤ ስለዚህ በቅርቡ የገጠምኩትን ሁሉ እንድፈታ አዘዙኝ። ማገናኘቱን መፍታት ምንም እንደማይጠቅም ላስረዳ ሞከርኩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተመቻችተው ተቀመጡ። በጄ ካላልኩ እዚያው ሊያድሩ ነው። ተናድጄ፣ ሰርዶው እንዳይወድቅ በጎን በጎኑ እየነካሁ፣ ማላቀቂያውን ኮማንድ ጻፍኩ።

«ምን አለ?» አሉ።

«እምቢ አለ። ፎልደሩ ውስጥ ሰው አለ ይላል።»

«ማን ነው ያለው?»

አየሁ። «እኔው ነኝ፤ ከውስጡ ሆኜ ነው የማዘው።»

«ታዲያ ውጣለታ!» ብለው ጮሁብኝ።

ወጣሁና ደገምኩት። ማከማቻው ተላቀቀ። ፎልደሩን ብከፍተው ሰርጉ ሁሉ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል! ለካ ምንም አልጠፋም፤ በምንጣፍ ላይ ሌላ ምንጣፍ እንደማንጠፍ፣ አዲሱን ከላይ ስገጥም አሮጌው ከሥር ተሸፍኖ ነበር። በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሴትዮዋን ጠራኋትና ከሰርቨሩ ላይ ቪዲዮውን ከፈትኩት። አባቷ ብቅ አሉ፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ሆራ ቡላ!» አሉ፤ ውለዱ፣ ክበዱ እንደማለት ነው።

«ሃ ታኡ!» አሉ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው፤ ይሁን ማለታቸው ነው።

«አባቶች፣ ቪዲዮ እኮ ነው» አልኩ።

«ምርቃት ነው» አሉኝ በቁጣ፤ «ምርቃት ሳይቀበሉት ይታለፋል?»

እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ሃ ታኡ» ትላለች። እንዲህ እንዲህ ስንል መሐል ላይ ኔትወርኩ ቆመ። አባቷ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። የሽማግሌዎቹም እጅ እንደተዘረጋ ነው፤ ምርቃት ሳያልቅ እጅ አይታጠፍም። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው። ኔትወርኩን እየረገምኩ ላፕቶፑን መነካካት ጀመርኩ።

«ይቅርታ እህቴ፣ አሁን ይመጣል፣ አሁን...»

እጄን ያዘችኝ። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ተወው፣ አትነካካው። አባዬ ሲመርቅ ድሮም አይቸኩልም» አለች።

እኔም እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ።