ከዝዋይ ክሊኒክ ያመጣሁት መልስ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻዋን ሕፃን መርምሬ ካሰናበትኩ በኋላ ስልኬን ሳነሳ የፈቲያን መልእክት አገኘሁ። ፈቲያ የጓደኛዬ የሐያት ታናሽ እህት ናት። እኔና ሐያት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስንጨርስ እሷ ገና ፊደል አልጀመረችም ነበር፤ ዘንድሮ በተራዋ ጨርሳለች። የሁለት የሕክምና ኮሌጆች ማስታወቂያ ልካልኝ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ትርሲትዬ፣ የቱ ይሻለኛል? ለፈቃድ ፈተናው በደንብ የሚያዘጋጀው የቱ ነው? በኋላ ስፔሻላይዝ ለማድረግስ? ሐያትን ብጠይቃት ‹ትርሲትን ጠይቂ፣ ድሮም ለእኛ ያጣራችልን እሷ ናት› አለችኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ነርሷ ገብታ «ዶክተር፣ ደህና ነሽ?» ብትለኝ ደክሞኝ ነው አልኳት።

እኔና ሐያት አዳማ ውስጥ በአንድ ሰፈር፣ አጥር ተጋርተን ነው ያደግነው። የኔ አባት አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የሞተው፤ ከዚያ ወዲህ የቤቱ አባወራ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ሆኖ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ሆነ። የሐያት አባት ጋሽ ሰይድ ደግሞ በወጣትነታቸው ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው። አንድ ያረጀች የጭነት መኪና ነበረቻቸው፤ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከሻሸመኔ ወዲያ ደግሞ ድንች ይጭኑባታል።

ከዚህ በፊት ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር፤ በሐያት እቀና ነበር። በውጤቷ አይደለም፣ እኩል ነበርን። በመልኳም አይደለም፣ ጸጉሯን ካልቆጠርነው። የምቀናው በአባቷ ነበር። የወላጆች ቀን ሲሆን ጋሽ ሰይድ መኪናቸውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁመው፣ ትከሻቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እንዳለ ይገቡና የሐያትን ካርድ ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን ትምህርት ጮክ ብለው እያነበቡ ይፈርማሉ። የኔን ካርድ ተስፋዬ የሚፈርመው ጫማውን እያሰረ ነው። ጋሽ ሰይድ ለኔም «ልጄ» ይሉኝ ነበር። እሱ ደግሞ ይብስ ያንገበግበኛል፤ ከሐያት የተረፈ ነው የሚደርሰኝ ብዬ አስብ ነበር።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ሕክምና ለሁለታችንም አልደረሰንም። ለሐያት ስታቲስቲክስ፣ ለኔ የማላውቀው ከተማ ውስጥ የእርሻ ትምህርት ደረሰን። እነሱ ቤት ቁጭ ብለን ስናለቅስ ጋሽ ሰይድ ገቡ። ትንሽ አዩንና «ሕክምና ነው አይደል የፈለጋችሁት? የግል አለ አይደል? በአገር ላይ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉን።

የግል ኮሌጅ ስንል ሁለት ነበር የሚታየን። አንዱ እዚያው አዳማ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት ባለመስታወት ሕንፃ ነው። ሄደን ስንጠይቅ ለስላሳ ጋበዙን፣ ተማሪዎቻችን ሁሉ ያልፋሉ አሉን፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰጡን። ሁለተኛው ሻሸመኔ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ያለ ነው፤ ጥብቅ ነው ከመባሉ በቀር የምናውቀው ነገር አልነበረም። ለኔ ምርጫም አልነበረም። ተስፋዬ «አዳማ ከሆነ እከፍላለሁ። ሻሸመኔ ብለሽ ቤት ተከራይልኝ እንዳትዪኝ» ብሎ ጨርሶታል። የሚመረጠው ለሐያት ብቻ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ገልብጠው አይተው ለሐያት መለሱላት። «መኪና ስትገዢ ሻጩን አትጠይቂም» አሏት። «ሻጭ መቼ ሞተሩ ያጨሳል ይልሻል? የምትጠይቂው የነዳውን ሾፌር ነው።» የኮሌጁ ሾፌር ማን ነው ስንላቸው፣ እዚያ ተምሮ የወጣው ሐኪም ነው አሉ። ወጣት ሐኪሞች ደግሞ በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች ክሊኒኮች ሞልተዋል። ዝም ብሎ ገብቶ ሐኪም ማነጋገር ግን አይቻልም፤ ዘበኛው ይመልሳል፣ ካርድ ክፍሏ ትቆጣለች። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ መላ አመጡ፤ እንደ በሽተኛ ካርድ እናወጣለን አሉ።

የጥቅምት ዓርብ ነበር። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ጠዋት ከአዳማ ወጣን። ሐያት መሐል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ቆቃ አካባቢ ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ሐብሐብ ተቆልሏል። ጋሽ ሰይድ አንድ ገዝተው በጉልበታቸው ላይ ሰነጠቁና መሐሉን፣ ያን ፍሬ የሌለውን ጣፋጭ ክፍል፣ ለሐያት ሰጧት። ቀጥለው ለኔ ቆረጡልኝ። የኔም ጣፋጭ ነበር። የኔ ፍሬ እንደነበረው ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ከቆቃ በፊት ሞጆ ላይ መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ገብተን ነበር። ጋሽ ሰይድ ራሴን ያመኛል ብለው ካርድ አወጡ፤ ወጣቱ ሐኪም ደም ግፊታቸውን ሲለካ ጥያቄያቸውን ዘረገፉት። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ የፈቃድ ፈተናውን በስንተኛው አለፍክ? ለፈተናው ማን አዘጋጃችሁ? ከእናንተ መሐል ስፔሻሊስት ለመሆን የገባ አለ? ልጁ ሳቀ። የተማረው አዳማ፣ ያ ባለመስታወቱ ኮሌጅ ነው። «በሁለተኛው አለፍኩ፣ ጋሼ» አላቸው። «ያዘጋጀን ሰው የለም። ሦስት ሆነን በአንድ የተዋስነው መጽሐፍ ተዘጋጀን። ስፔሻሊቲ የገባ አንድ ልጅ አለ፣ እሱም ጎበዝ ነበር።» ጋሽ ሰይድ አመስግነው ወጡ። «ሞተሩ ያጨሳል» አሉን።

መቂ ላይ ያገኙት ሐኪም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ስለሆነ ትርፋቸው ደም ግፊት መለካት ብቻ ሆነ። «ጨው ይቀንሱ አለኝ እኮ» እያሉ እስከ ዝዋይ ሳቁ። ዛሬ ከተማው ባቱ ነው የሚባለው፤ እኛ ግን ዝዋይ ማለቱን አልተውንም።

ዝዋይ ስንደርስ ጁምዓ ደርሶ ነበር። ጋሽ ሰይድ መኪናዋን ክሊኒኩ በር ላይ አቁመው ሰዓታቸውን አዩ፣ ሰልፉንም አዩ። «ትርሲት ልጄ፣ እኔና ሐያት ሰግደን እስክንመጣ አንቺ በስምሽ ካርድ አውጪና ተራ ያዢ። ተራው ቀድሞ ከደረሰሽ ግቢና ጠይቂ። ጥያቄዎቹን ታውቂያቸዋለሽ» አሉኝ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ወደ መስጊዱ ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው። ሐያት ነጠላዋን ጸጉሯ ላይ እያስተካከለች የሆነ ነገር ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ለመስማት ጎንበስ ብለው ይራመዳሉ። ለኔ እንዲያ ጎንበስ ያለልኝ ሰው ትዝ አላለኝም።

ተራዬ ቶሎ ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ «አካም ጅርታ?» ብላ ተቀበለችኝ። የመጣሁበትን እውነቱን ስነግራት አልተቆጣችም፤ እንዲያውም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሻሸመኔው ኮሌጅ ምሩቅ ነበረች። «በመጀመሪያው ነው ያለፍኩት። ከክፍላችን የወደቀ ሰው ማስታወስ ይቸግረኛል» አለችኝ። «የመጨረሻውን ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ እውነተኛው ፈተና ያስቀምጡናል። አንድ አዛውንት ሐኪም አሉ፤ በሽተኛው አጠገብ ያቆሙሽና ሕመሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስተርኩሻል። ከተሳሳትሽ አይቆጡም፣ ‹እንደገና› ይሉሻል። አሥር ጊዜም ቢሆን እንደገና። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ማህፀንና ጽንስ ልገባ ነው፤ ሁለት ጓደኞቼ ቀድመውኛል። ግቢው አያምርም፣ ውሃም ይጠፋል። ግን ሂጂ፣ እህቴ። የኔን ስም ጥሪላቸው።»

ከክሊኒኩ ስወጣ እውነቱን ልናገር ነበር ያሰብኩት። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ እንዲያ ስለነበር ነው።

ከሶላት ሲመለሱ ሐይቁ አካባቢ ዓሣ ልንበላ ገባን። ጋሽ ሰይድ እንደ ልማዳቸው የሐያትን ዓሣ ወደ ራሳቸው ሳቡና አጥንቱን ይለቅሙላት ጀመር። እየለቀሙ «ሻሸመኔ ከሆነ እኮ በየሳምንቱ በጭነት አልፍብሻለሁ። እናትሽ የሠራችውን አደርስልሻለሁ። አብሽሪ» ይሏታል። ሐያት ትስቃለች። እኔ አዳማ፣ መስታወቱ ሥር፣ በተዋስኩት መጽሐፍ ስማቅቅ ታየኝ። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ትፈተናለች፣ ቅዳሜ ማታ የአባቷ መኪና በር ላይ ይቆምላታል። ሁሉም ነገር ለእሷ።

«እህስ ልጄ፣ ሐኪሟ ምን አለች?» አሉኝ።

«የሻሸመኔው ምሩቅ ናት፤ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች» አልኳቸው። «የሚያዘጋጅ የለም አለች። ስፔሻሊቲ የገባም የለም።»

«በአፏ?»

«በአፏ።»

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ታጠቡ። ሻሸመኔ ድረስ ሄዶ ነዳጅ ማቃጠል ምን ያደርጋል፣ እንመለስ አሉ። ከዚያ ወደ ኔ ዞረው፣ ዛሬም ድረስ የሚሰማኝን ነገር ተናገሩ፦ «አላህ ያሳድግሽ። እንዲያው የሻሸመኔው ጥሩ ሆኖ ቢገኝ ተስፋዬን ላነጋግረው ነበር። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ይከራዩ፣ ስንቁን እኔ ነኝ የማመላልሰው ልለው። እምቢ አይለኝም ነበር። ብቻ አልሆነም፣ ኸይር ነው።» ይህን ብለው የኔን ዓሣ ሳቡና አጥንቱን ይለቅሙልኝ ጀመር።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል እንጂ፣ አፋፍ ላይ ያለን ነገር ሮጦ የሚይዝ ሰው ይኖራል። እኔ የተለቀመልኝን ዓሣ በላሁ።

ሁለታችንም አዳማ ገባን። የሞጆው ሐኪም እንዳለው ሆነ። አንድ አልጋ ዙሪያ ሃያ ሆነን እንቆም ነበር፤ አጭር የሆነችው ሐያት ከኋላ ሆና የበሽተኛውን እግር ብቻ ታያለች። የፈቃድ ፈተናውን እኔ በመጀመሪያው አለፍኩ፣ እሷ በሁለተኛው። ስፔሻላይዝ ለማድረግ እኔ ገባሁ፤ የሕፃናት ሐኪም ሆኜ አዳማ እሠራለሁ። እሷ ሦስት ዓመት ተወዳድራ አልደረሳትም፤ መቂ ድንገተኛ ክፍል ጠቅላላ ሐኪም ናት። በሽተኞቿ ይወዷታል። ጋሽ ሰይድ እስኪሞቱ ድረስ ለሰው ሁሉ «ያኔ ያጣራችልን ትርሲት ናት፣ ባለውለታችን ናት» ይሉ ነበር። ከጎናቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የሚገርመው፣ ታመው አልጋ ላይ ሆነው የሐያትን እጅ ሲይዙ ያኔም ቀናሁ። የቅናት ክፋቱ ይሄ ነው፤ የሰውን ነገር ቀምተህ እንኳን አይለቅህም።

ለፈቲያ መልስ አልጻፍኩላትም። እሑድ ጠዋት ተነስቼ መቂ ሄድኩ። ሐያት ከአዳር ሥራ ተመልሳ በረንዳዋ ላይ ፓፓያ ትልጥ ነበር። ፊቷን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት፤ መስጊዱን፣ ተራዬን፣ ሐኪሟን፣ ዓሣውን። ሐያት ቢላዋውን አስቀመጠች። ብትጮህብኝ፣ ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አያውቁም።»

«ደግ።» ልጣጩን ሰብስባ ወደ ጎን አደረገች። «ያቺ ሐኪም ያለችሽን ንገሪኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

«አሁን ምን ያደርግልሻል፣ ሐያትዬ?»

«የኔ መልስ ነዋ» አለችኝ። «ለኔ ነው የተላከው።»

ስለ ቅዳሜዎቹ ነገርኳት። ስለ አዛውንቱ ሐኪም፣ በሽተኛው አጠገብ አቁመው ስለሚያስተርኩት፣ ሳይቆጡ ስለሚያስደግሙት፣ ውሃ ስለሚጠፋበት ግቢ፣ ማህፀንና ጽንስ ልትገባ ስለነበረችው ልጅ ነገርኳት። ሐያት አንዴም ሳታቋርጠኝ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነገ ልትመዘገብ እንደተነሳች ልጅ ሰማችኝ።

ስጨርስ «እሺ» አለች። «ግን አዛውንቱ ሐኪም፣ ልጆቹን ፊት ለፊት ነው የሚያቆሟቸው? በሽተኛው አጠገብ?»

«አዎ» አልኳት። «አጠገቡ።»