ጋሼ ደምሴ ባዶ የተዉት አንገት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ ስካሬን ተናዝዣለሁ፣ ከወንድሜ ጋር ተኮራርፌ መክረሜን ሳይቀር ተናዝዣለሁ፤ ሰው ማስገደሌን ግን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ጋሼ ደምሴን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

ጋሼ ደምሴ ብየዳ ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ። ጌጃ ሰፈር ጎረቤታሞች ነበርን። የእሳቸውም አባት የእኔም አባት ብረት ቀጥቃጮች ናቸው፤ ያኔ ቀጥቃጭ መሆን ምን ማለት እንደነበር የዛሬ ልጅ አያውቀውም። ቢላውን አስሎ፣ መጥረቢያውን አሠርቶ የሚሄደው ሰው ከደጃፍህ ራቅ ሲል ቡዳ ይልሃል። እናቶች እኔን ሲያዩ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር እኮ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ማንን ይበላል? ይህ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ግን ሰበብ ላደርገው አይደለም የምነግራችሁ፤ ጋሼ ደምሴም በዚያው ስድብ ነው ያደጉት።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ልደታ፣ አይሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ተከፈተና ሁለታችንም ተቀጠርን። ሥራችን ከማጠራቀሚያው ቤንዚን ወደ አይሮፕላኖቹ የሚያደርሰውን ቱቦ መሥራት ነበር። ቱቦና ቱቦ የሚያያዘው በፍላንጃ ነው፤ ዙሪያውን የብሎን ቀዳዳ ያለው ወፍራም የብረት ቀለበት ማለት ነው። የእኛ ፍላንጃ ባለ አንገት ነበር። ከቀለበቱ አጭር አንገት ይወጣል፣ ያ አንገት ከቱቦው ጫፍ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ ይበየዳል። የሥራው ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። እሳቱ ብረቱን እስከ ውስጥ አቅልጦ ካልሞላው፣ ከላይ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ግፊት ሲበረታበት ይከፈታል። ጋሼ ደምሴ የበየድኩትን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። የሞላው ይጮኻል፣ ባዶው ይታፈናል። ስድስት ወር ሙሉ የእኔን እያስቆረጡ እንደገና አስበየዱኝ። ጆሮዬ እስኪበስል ድረስ አልለቀቁኝም።

አይሮፕላኖቹ ከልደታ ተነሥተው የት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጠዋት ቦምብ ጭነው ይሄዳሉ፣ ቀትር ላይ ባዷቸውን ይመለሳሉ። በማን ቤት ላይ አራግፈው እንደመጡ ለመገመት ትልቅ ዕውቀት አይጠይቅም። እኔስ ምን አደርግ ነበር? ብየዳዬን አሳምር ነበር! ካፖ የምንለው ጣሊያኑ አለቃችን አንድ ቀን ትከሻዬን መታ አድርጎ “ብራቮ” ቢለኝ፣ ሳምንት ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም። በገዛ ሰፈሬ ቡዳ የተባልኩት ሰው፣ አገሬን የወረረው ሲያሞግሰኝ ልቤ ሞላ። እስቲ አሁን ይህ ልብ ነው?

አንድ ቀን ሌላው ሠራተኛ ምሳ ሲወጣ ካፖው እኔንና ጋሼ ደምሴን አስቀረን። አራታችን ብቻ ነበርን፤ እኛ ሁለታችን፣ እሱና አስተርጓሚው። የጋሼ ደምሴን ፍላንጃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የእኔን ከጎኑ አደረገና፣ ከእኚህ ሽማግሌ ተማር አለኝ። የእኔ ሥራ ያንሳል ማለቱ ነው። ቅናት አንገበገበኝ። መዶሻ አንሥቼ የጋሼ ደምሴን አንገት መታሁት። ታፈነ። ደግሜ መታሁት። ያን የታፈነ ድምፅ ስሰማ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ይሄ ውስጡ ባዶ ነው አልኩ።

ካፖው ቁረጠው አለኝ፤ በመጋዝ ቆረጥኩት። ከላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ብየዳ፣ ከሥሩ ክፍት። ሁለተኛውን አስቆረጠኝ፣ ሦስተኛውን አስቆረጠኝ፤ ሁሉም ያው ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ገብቶኛል። ስድስት ወር ሙሉ የእኔን ባዶ ብየዳ ሲያስቆርጡ የከረሙ ሰው ሳያውቁ ባዶ አይተዉም። ቱቦው ተቀብሮ ቤንዚን ሲገባበት መሬት እንዲጠጣው ነው የተዉት። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ።

ጋሼ ደምሴ አልደነገጡም። በአስተርጓሚው በኩል፣ ዓይኔ ደክሟል፣ እሳቱ በልቶታል፣ የሞላውንና ያልሞላውን መለየት አቅቶኛል አሉ። ካፖው አመናቸው። ነገሩ በስድብና ከሥራ በመባረር ሊያልቅ ነበር። አስተርጓሚው ግን ሳቀና፣ ድሮስ ከቀጥቃጭ ዘር ምን ሊጠበቅ ነው፣ ማረሻ ከመደብደብ ሌላ ምን ያውቃሉ አለ። ለካፖውም ተረጎመለት፤ ሁለቱም ሳቁ። ጋሼ ደምሴ አቀርቅረው ስድቡን ዋጡት። ነፍሳቸውን የሚያተርፍላቸው ያ ስድብ ስለነበር ዋጡት። እኔ ግን ልውጠው አልቻልኩም።

“እኚህ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ይበይዱታል” አልኩ። “ባዶ ከሆነ አውቀው ነው የተዉት።”

እኔ ነኝ ይህን የተናገርኩት። አስተርጓሚ እንኳ አላስፈለገኝም፤ በለመድኳት ጣሊያንኛ ለካፖው በቀጥታ ነገርኩት። ለምን? የአስተማሪዬን ሙያ ላስከብር ብዬ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ደለልኩ። ውሸት ነው። እሳቸው የማይረቡ ከተባሉ እኔም የማልረባ መባሌ ነው ብዬ ነው። ያቺን ብራቮ እንዳላጣ ብዬ ነው! ወታደሮች መጥተው ወደ ካሚዮኑ ሲወስዷቸው ጋሼ ደምሴ በአጠገቤ አለፉ።

“ጆሮህ በስሏል” አሉኝ።

ሰደቡኝ ወይስ መረቁኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጋሼ ደምሴ አልተመለሱም።

ሚስታቸው እትዬ አስካለ ቤቴ እየተመላለሱ ምን አጥፍተው ነው እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ተበላሸባቸው አልኳቸው። ጋሼ ደምሴ ሊተርፉበት የነበረውን ቃል እኔ መደበቂያ አደረግሁት። እትዬ አስካለም አመኑኝ፣ መረቁኝም። ጣሊያን ሲወጣ የውስጥ አርበኛ የነበረው ሁሉ ስሙ ተጠራ፤ ያልነበረውም ተጠራ። ያ አስተርጓሚ ሳይቀር ደረቱን ነፍቶ፣ እኔ ውስጥ ውስጡን ስንት ሠርቻለሁ ሲል በጆሮዬ ሰምቼ በንዴት ነድጄ ቤቴ ገባሁ። በማን ነው የምናደደው? እሱ ቢያንስ ዋሽቶ የወሰደው ለራሱ ነው፤ እኔ ግን የሌላውን ስም ቀብሬ ነው የተቀመጥኩት። የጋሼ ደምሴን ስም የሚጠራ አልተገኘም። ሊጠራ የሚችለው ሰው እኔ ነበርኩ፣ አልጠራሁትም።

ልጃቸው ዘነበች አባቷ ሲወሰዱ ጡት አልጣለችም ነበር። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ሰንጋ ተራ ትኖራለች። የአባቴ ባልንጀራ እያለች በበዓል ድፎ ዳቦ ትልክልኛለች፤ ጋሼ ትለኛለች። ባለፈው ሰሞን ልትጠይቀኝ ስትመጣ የመጨረሻ ልጇን ይዛው መጣች። ልጁ አዲስ መነጽር አድርጓል። ራሱን ዳሰስ እያደረገች፣ “ምን ይደረግ ጋሼ፣ የአባቴን ዓይን ወርሶ ነው” አለችኝ። እያዘነች እኮ ነው። ለእሷ አባቷ በዓይን ድካም ሥራ አበላሽተው እንደ ውሻ የተገደሉ ሽማግሌ ናቸው፤ እንደዚያ እያመነች እንድታድግ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ውሸቴ ወደ ልጇ ሊተላለፍ ነው። ዳቦዋን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ እውነትሽን ነው አልኳት።

ነገ ጠዋት ቤቷ እሄዳለሁ። የአባትሽ ዓይን ጤነኛ ነበር፤ አባትሽ አውቀው ነው ባዶ የተዉት፤ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ እላታለሁ። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። ዘነበች በሥርዓት ያደገች ናት፤ ሽማግሌ እግሯ ላይ ወድቆ ሲለምናት፣ እግዜር ይቅር ይበልዎት ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላት? በጨዋነቷ አስገድጄ ምሕረት ተቀብዬ፣ ቀሎኝ ቤቴ ልገባ? አይሆንም። ነግሬያት እቆማለሁ። ትስደበኝ፣ በሯን ትዝጋብኝ፣ ልጆቿን ጠርታ ታስወጣኝ፤ መልስ አልሰጥም። ቢያንስ እዚያ ዝም ማለት ልቻል።