እናቴን የሸፈንኩበት ፊልም

ካሜራ ወደ ሰው ሲዞር ብቅ የምትል ቢጫ ሳጥን አለች፤ አይታችኋት ይሆናል። ፊት ትፈልግና ስታገኝ ከብባው ትቆማለች። የእኔ እንጀራ በእሷ ነው። ደሴ ላይ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሙሽራና የሚዜ፣ የአማትና የአማች ፊት ሳይ እውላለሁ። ታዲያ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼም ያቺ ሳጥን ብቅ ስትል የበረኪና ሽታ ይመጣብኛል። እርጥብ አንሶላ፣ የኩዳይ ጣሪያ፣ እናቴ።

ያኔ ጅዳ ነበርን። ሸረፊያ በሚባለው ሰፈር፣ ከሥሩ ልብስ ሰፊዎች በሞሉበት ፎቅ ላይ፣ እኔ፣ እናቴና አክስቴ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ተቃርቤአለሁ። እናቴ የሰው ቤት ታጸዳለች። ካስመጣት አሠሪዋ፣ ከከፊሏ ቤት ከወጣች ቆይታለች፤ ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ አልፎበታል፤ አንድ ቀን እዚህ አንድ ቀን እዚያ እየሠራች ነበር የምታሳድገኝ። ረመዳን ሲገባ መካ ትሄድና ኩዳይ ውስጥ፣ የዑምራ እንግዶች በሚያርፉበት ሕንፃ፣ አንሶላ ታጥባለች። መንገድ ስትወጣ ፊቷን በኒቃብ ትሸፍናለች፤ ፖሊስ ወይም ወረቀት የሚመረምሩትን የጀዋዛት ሰዎች ከሩቅ ካየች አቅጣጫ ትቀይራለች። እኔም አብሬ እቀይር ነበር። ከልጅነቴ ስለለመድኩት ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን አንዲት ካሜራ ገዛ። ኮምፒዩተር የሚያስተምረን ወጣት መምህር ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ካሜራዋን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ክፍል ገባና፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ስለምታደንቁት ሰው አጭር ፊልም ትሠራላችሁ አለን። ስለ ብርሃን ነገረን፣ ስለ ድምፅ ነገረን። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ይደጋግም ነበር፦ "ፊት! ወደ ፊት ቅረቡ! ሰው ያለ ፊቱ ምንድን ነው?"

የእኔ ጓደኛ አባቷ አየር መንገድ የሚሠራ፣ የራሷ ላፕቶፕ ያላት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ አባቷን ልንቀርጽ አስበን ነበር፤ እሱ ግን ዛሬ ነገ እያለ አሰለቸን። "የአንቺን እናት እንቅረጻ" አለችኝ። ለእናቴ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። "እኔን? አንሶላ ስዘፈዝፍ ልታሳዪ?" ከዚያ ሳቋን አቆመችና "እጄን ቅረጪ፤ ፊቴን ግን አደራ" አለች። እሺ አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

በረመዳን አንድ አርብ የጓደኛዬ ቤተሰቦች ለዑምራ ሲሄዱ በመኪናቸው ወሰዱኝና ሁለታችንን ኩዳይ አወረዱን። ጣሪያው ላይ ሴቶች ብቻ ስለሚሠሩ እናቴ ኒቃቧን አውልቃ ገመዱ ላይ ሰቅላዋለች። ከአስር ሰላት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላ አንሶላው ሁሉ የቅቤ መልክ ይዟል። ከታች የአውቶቡስ ሞተር ያጓራል፤ የእንግዶቹ ሻንጣ አስፋልቱ ላይ ሲጎተት ይሰማል። እጇን መቅረጽ ጀመርኩ። በረኪና የበላው ጣቷ ስፌቱን እየዳበሰ አንሶላውን ሲያሰጣ አያለሁ፤ እሷ ደግሞ እንዴት እንደሚጨመቅ እየነገረችኝ ነው።

ድንገት ነፋስ መጣ። አንዱ አንሶላ ተነስቶ እኔንም ካሜራውንም ጠቀለለን። ስወጣ እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ነው፤ ሳጥኗም ከብባታለች። ላጠፋ ነበር። እሷ ግን መጥታ ስክሪኑን ከጎን አየችው።

"ይቺ ቢጫ ነገር ምንድን ናት?"

"ፊትሽን አውቆት ነው።"

"ወላሂ? ጀዋዛቱ ያላወቀኝን ይሄ ዕቃ አወቀኝ?"

እንደገና ሳቀች። ፍንጭት ነበረች እናቴ፤ ስትስቅ መጀመሪያ የምትታየው ፍንጭቷ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቴን ያለችውን እሷም ረሳችው፤ እየሠራች፣ ቀጥታ ካሜራውን እያየች፣ ስለ አገሯ፣ ስለ ወሎ፣ ስለ እኔ መወለድ ስታወራ አመሸች። ጓደኛዬ በጆሮዬ "ይሄ ነው ፊልሙ" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

መምህራችን የቀረጽነውን ሲያይ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ኋላ ፊልሙን አቁሞ "ወረቀት አላት?" ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩ። ወንበሩን ወደኔ ሳብ አደረገ። ፊልሙ በወላጆች ቀን እንደሚታይ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ቢለቅቀው ማንም ሊመልሰው እንደማይችል ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እጇ ብቻ ያለበትን ብንቆርጥ ደግሞ የሚተርፍ ፊልም የለም። ፊት ፊት ሲል የከረመ ሰው፣ ፊት መሸፈን አስተማረኝ።

ብለር ማድረግ የሚባለውን ሥራ ያኔ ነው የተማርኩት። ፊቷ ላይ ክብ ይቀመጣል፣ ክቡ ይደበዝዛል፣ እሷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር እየጎተቱ ማስከተል ነው። ወደ ባልዲው ስታጎነብስ አብሬያት አጎነብሳለሁ፤ ቀና ስትል ቀና እላለሁ። አንዳንዴ አገጯ ያመልጠኛል፣ እመለስና እሸፍነዋለሁ። ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ስለምትጥል ፍንጭቷ ከክቡ ይወጣ ነበር፤ እሱንም እየተከተልኩ ደፈንኩት። ምን ያደርጋል፣ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ድምጿንም ልንቀይረው ሞክረን ወፍራም የወንድ ድምፅ ሆነ። ለእሷ ሳሰማት "ይሄማ አጎትሽ ነው፣ ተይው" ብላ ስለሳቀች ተውነው።

ፊልሙን አይታ ስትጨርስ "ማሻአላህ፣ ኸላስ፣ እንዲህ ጥሩ ነው" አለች። ቀጥላ "ያልተሸፈነውስ?" አለችኝ። ላፕቶፑ ውስጥ አለ አልኳት። "አጥፊው ልጄ፤ ላፕቶፑ የሰው ነው። እሱ እያለ እንቅልፍ አይወስደኝም።" የካሜራዋ ካርድ አንዲት ስለነበረች ለሚቀጥሉት ልጆች ተሰጥታ ተደምስሳለች፤ የቀረው ላፕቶፑ ላይ ያለው ብቻ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች አጠፋሁት። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።

"አሁን የት ሄደ?"

"የትም። ጠፋ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

በወላጆች ቀን ከኋላ፣ በኒቃብ፣ በር አጠገብ ቆማ አየችው። ሰው አጨበጨበ። አጠገቧ የነበሩ ሴትዮ "የማን እናት ትሆን?" ቢሏት "እንጃ" አለቻቸው። ቤት ገብታ ይህን ስታወራልን ከሳቋ ብዛት እንባዋን ትጠርግ ነበር። እኔም አብሬያት ስቄአለሁ።

ያስያዛት ፊልሙ አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም አላወቃት፣ ማንም አልጠቆማት። ሐጅ ሳይደርስ፣ በግዳዲያ በሚባል ሰፈር ወደምታጸዳው ቤት ስትሄድ፣ ኒቃቧን እንደለበሰች ያዟት። ሊጠብቋት አልመጡም፤ ያገኙትን ሁሉ ሲይዙ እሷም በዚያ አለፈች። ከእስር ቤት በሰው ስልክ ደወለችልኝ። "አብሽሪ፣ አታልቅሺ። ወደ አገሬ ነው የሚሰዱኝ፣ ሌላ ቦታ አይደለም። ፈተናሽን ጨርሰሽ ትመጫለሽ።" ፈተናዬን ጨረስኩ። እኔ የመውጫ ወረቀት ስጠብቅ እሷ ወሎ ውስጥ ታመመች። ስደርስ የመቃብሯ አፈር ደርቋል።

ምን ማድረግ እችል ነበር? ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ መሰላችሁ። ምንም። ያን ጊዜ ሁላችንም ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግነው፤ የምወቅሰው ሰው የሚያሳጣኝም እሱ ነው።

ፎቶማ አለኝ፤ ሲሸኟት ለጉዞ ወረቀት ያነሷት ነው። አፏን ገጥማ፣ ደንግጣ። እሷ እንደዚያ አልነበረችም። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብለር የሚያነሳ ፕሮግራም መጥቷል ብሎ አጓጓኝ። ሞከርነው። ክቡ ተገፎ የሴት ፊት ወጣ፤ ቆንጆ፣ የምትስቅ፣ ጥርሷ እንደ ጥልፍ የተደረደረ። ፍንጭት የላትም። በእናቴ ድምፅ የምታወራ የማላውቃት ሴት ነበረች። አጥፋው አልኩት። የተሸፈነ ፊት ለዘላለም የተሸፈነ ነው፤ ፕሮግራሙ ከራሱ እየፈጠረ ነው የሚሞላው። ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ሙከራው ግን ተስፋ ሆኖብኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ "አያቴን አሳዪኝ" አለችኝ። ፊልሙን ከፈትኩላት። አንሶላው ተነሳ፣ እናቴ ሳቀች። ልጄ ሳቋን ስትሰማ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ስክሪኑን ቀርባ አየችውና "እማዬ፣ ቆሽሿል እኮ" አለች። የቀሚሷን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ያያቷን ፊት መጥረግ ጀመረች። እፍ አለችበት፣ ደግማ ጠረገች። ፍንጭት ናት፤ ምላሷን በፍንጭቷ አውጥታ፣ በርትታ ትጠርጋለች።

አላስቆምኳትም።