የሰርግ ጥሪ የመሰለው የውሃ ማስታወቂያ

ዛሬ ጠዋት የሦስተኛ ፎቋ እትዬ አስቴር ፀጉራቸው አረፋ በአረፋ ሆኖ የቤቴን በር ደበደቡት።

«ውሃ ሄደ! ሽማግሌዎቹ በአራት ሰዓት ይመጣሉ!»

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት የእትዬን ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ ነው። እኔ ደግሞ በልደታ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ።

«ታንከሩ ዛሬ ይታጠባል ብዬ ደረጃው ላይ ለጥፌ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«ያ ወረቀት? የሰርግ ጥሪ መስሎኝ! ከኔ ልጅ ቀድማ የማን ልጅ ልታገባ ነው ብዬ ተናድጄ ሳላነበው አለፍኩ።»

ጥፋቱ የኔ ነው። የድሮው ደማቅ ፊደል የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል ብሎ ሰዉ ስላማረረ፣ ቀጭን፣ ዘመም ያለ፣ በእጅ የተጻፈ የሚመስል ፎንት መረጥኩ። ማህተም እንኳ አላሳረፍኩበትም፤ ውበቱን ያበላሸዋል ብዬ።

ለራሴ የሞላኋቸውን ሁለት ጀሪካኖች ተሸክሜ ወጣሁላቸው። እኔ ፊቴን ሳልታጠብ ዋልኩ።

ከሰዓት እትዬ ተመልሰው መጡ። ፀጉራቸው ተሠርቷል፣ ልጅቱም ተሰጥታለች።

«የሰርጉን ጥሪ በዚያው ፊደል ትሠራልኛለህ» አሉኝ። «የውሃውን ግን እንደ መጥሪያ አድርገህ ጻፈው። ማህተሙንም አትርሳ።»

እናንተ ሕንጻ ላይስ ከማማሩ የተነሳ ማንም ያላነበበው ማስታወቂያ ተለጥፎ ያውቃል?