የሳሳው ሰልፍ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ላይ ካምፓላ፣ ሜንጎ ኮረብታ ላይ ተከራይቼ እኖር ነበር። ያከራዩኝ ባልና ሚስት ሁለቱም ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች ናቸው። ባልየውን እንደ ሰፈሩ ሰው «ምዜ» እላቸዋለሁ፤ አዛውንት ማለት ነው። ሚስታቸውን «ማማ» ነው የምላቸው። ቀን ቀን ናካሴሮ ውስጥ አንድ የአየር መንገድ ቢሮ ትኬት ስቆርጥ እውላለሁ፤ አመሻሽ ላይ ስመለስ ምዜ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ ከፍተው አገኛቸዋለሁ። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው።

ያን ሰሞን ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ለብዙ ዓመታት ስብሰባ መጥራት እንኳ ተከልክለው የቆዩት ፓርቲዎች ተፈቅዶላቸው፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ዕጩ ሊመርጡ ነው። ምዜ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የአንዱ ፓርቲ አባል ናቸው። በዕገዳው ዘመንም አባልነታቸውን አልተዉም፤ የሚሄዱበት ስብሰባ ብቻ ነው ያጡት።

«እናንተ አገር ፓርቲ ሰውየውን እንዴት ነው የሚመርጠው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እኛማ የተመረጠውን በሬዲዮ ነው የምንሰማው» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «እኛ ከታች ነው የምንጀምረው፤ መጀመሪያ የየሰፈሩ ቅርንጫፍ ማንን እንደሚደግፍ ይወስናል። ከዚያ ተወካዮች በአንድ አዳራሽ ይሰበሰቡና በምስጢር ድምፅ ይሰጣሉ። ልጄ፣ ይህን ቀን ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ነበር።»

ለዕጩነት የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ፎቶው በየግድግዳው የተለጠፈ ባለጸጋ ነጋዴ ነው። ሁለተኛዋ በክፉው ዘመን ለታሰሩ አባላት በነጻ ጥብቅና ትቆም የነበረች ጠበቃ ናት። ምዜ የጠበቃዋ ሰው ናቸው።

የሰፈሩ ቅርንጫፍ ስብሰባ የተደረገው እኛው ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ማማ ከጠዋት ጀምሮ ለእንግዶቹ ማቶኬ የሚባለውን ጥሬ ሙዝ ሲቀቅሉ ዋሉ፤ እኔም በረንዳው ላይ ተቀምጬ የሻይ ብርጭቆ አቀርባለሁ። በቅርንጫፍ ደረጃ የድምፅ ወረቀት የለም፤ አባላቱ ከሚደግፉት ሰው ወኪል ኋላ ይሰለፋሉ፤ ከዋናው ቢሮ የተላከ ሰብሳቢ ይቆጥራል፤ በቃ። ምዜ የጠበቃዋን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ሰብሳቢው አዙረው ከሁሉም ፊት ቆሙ። ሰዉ ከኋላቸው ተሰለፈ። ሰልፋቸው እስከ አጥሩ ደረሰ። የነጋዴው ሰልፍ ግማሹን አያህልም።

ከዚያ አዲስ ካናቴራ የለበሰ አንድ ሰው ከነጋዴው ወገን ተነሥቶ በምዜ ሰልፍ ጎን እየሣቀ ያልፍ ጀመር። አንዱን ትከሻውን መታ ያደርጋል፤ ሌላዋ ጆሮ ላይ ጎንበስ ይላል። የሚለውን አልሰማሁም። ትከሻው የተነካው ሰው ግን ጥቂት ቆም ብሎ ወደዚያኛው ሰልፍ ተሻገረ። ሌላ ተከተለው። ምዜ ያስተማሩት አንድ ጎልማሳ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሰልፉ ዓይኔ እያየ ሳሳ።

ምዜ አልዞሩም። ፎቶዋን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ኋላቸው የሚሆነውን የማየው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ የሰው አገር ሰው ነኝ። አባል አይደለሁ፣ ዜጋ አይደለሁ። ተነሥቼ ከኋላቸው መቆም አልችልም። ብጮህስ ምን ብዬ?

ማማ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ከማድ ቤት ወጡ። ሁለቱ ሰልፎች መካከል ደርሰው ቆሙ። የባላቸውን ጀርባ አዩት። ከዚያ ሄደው ከነጋዴው ሰልፍ መጨረሻ ቆሙ።

ሰብሳቢው መቁጠር ሲጀምር ነው ምዜ የዞሩት።

ራት ቀረበ። ማማ ሳህን እያቀበሉ፣ «ልጃችን የምትሠራው ነጋዴው ድርጅት ውስጥ ነው» አሉ። «የት እንደቆምኩ አይነግሩትም ብለህ ነው?»

«ብዞር ኖሮ አይሽ ነበር» አሉ ምዜ።

«አዎ። ስላልዞርክ ነው የሄድኩት።»

ቅርንጫፉ ለነጋዴው ወሰነ፤ ምዜ ግን ነባር ሊቀመንበሩ ስለነበሩ ለዋናው ጉባኤ የተወካይነት ቦታቸው አልተነካም። ጉባኤው ሲቃረብ ማማ ጠሩኝ። «ደም ግፊቱ ተነሥቷል። እኔን አይሰማም፤ አንቺ ንገሪው።»

ነገርኳቸው። «ምዜ፣ ይቅርብዎ፤ ሐኪሙ ያለዎትን ያውቃሉ።»

«እዚያኮ ወረቀት ነው ልጄ፤ ሰልፍ አይደለም» አሉኝ። «ማንም የማንንም ጀርባ አያይም።»

እምቢ ስላሉ ታክሲ ይዤ ራሴ ወሰድኳቸው፤ እሳቸው ከተወካዮቹ ጋር፣ እኔ ከኋላ ከተመልካቾቹ ጋር ተቀመጥን። መድረኩ ላይ የድምፅ ሳጥኖቹ ተደርድረዋል። ጠበቃዋ ተነሥታ ማይክራፎኑን ያዘች። ለፓርቲው አንድነት ስትል ራሷን እንዳገለለች ተናገረች። ለምን እንደተወች እስከ ዛሬ አላውቅም። አዳራሹ አጨበጨበ። የጉባኤው ሰብሳቢም፣ እንግዲህ ዕጩው አንድ ስለሆነ ወረቀት አያስፈልግም፤ የሚደግፍ እጁን ያውጣ አሉ።

አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። የምዜ እጆች ከዘራቸው ላይ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ዘወር ብላ አየቻቸው። በስተግራ ያለውም አያቸው። ቀኝ እጃቸውን ከዘራው ላይ አንሥተው፣ እስከ ጆሯቸው ድረስ ብቻ ከፍ አደረጉት።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ፣ «ማንን ልቆጣ?» አሉኝ።

በአጠቃላይ ምርጫው ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከማማ ጋር ሄዱ። ለነጋዴው ነው ድምፃቸውን የሰጡት፤ «ፓርቲዬ እሱን አቅርቧል፤ ሌላ ማን አለኝ?» አሉ። ነጋዴው ተሸነፈ፤ በሰፊው። ልጃቸው ሥራዋ ላይ ቆየች።

እኔ ያን ግቢ ልለቅ ስል፣ ማማን ዕቃዬን ስናሥር ስለዚያ ቅዳሜ ጠየቅኳቸው፤ ምዜ አንሥተውባቸው ያውቁ እንደሆነ።

«አንድም ቀን» አሉ። «ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ ሲቀዳ አሁንም የኔን ነው የሚያስቀድመው።»

ገመዱን ያዝኩላቸው፤ እሳቸው ቋጠሩት።